የወፍ በሽታና የአዩርቬዳ መድኃኒት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ልጄ ሕንድ አገር ቪሳካፓትናም ይማራል። ከሦስት ሳምንት በፊት ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱም ጠቆረ። ጓደኞቹ የባህል ሐኪም ዘንድ ወስደውት ሰባት ማለዳ በባዶ ሆዱ የተፈጨ ቅጠል በወተት ጠጣ። አሁን ቢጫው እየለቀቀው ነው፣ «ድኛለሁ» ይለኛል። ቅጠሉ ነው ያዳነው? ሌላ የሚያስፈልገው ነገርስ አለ? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከአገላለጽዎ እንደምንገምተው ቅጠሉ በዚያ አካባቢ ቋንቋ በቴሉጉ «ኔላ ኡሲሪ»፣ በታሚል «ኪዛኔሊ» የሚባለው ነው፤ የአዩርቬዳ (የሕንድ ጥንታዊ የባህል ሕክምና) ሐኪሞች «ቡሚ አማላኪ» ይሉታል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ደግሞ ፊላንተስ ነው። በዝናብ ወቅት እርሻ ዳር የሚበቅል፣ ከጉልበት የማያልፍ ተክል ሲሆን ከቅጠሎቹ ሥር ተደርድረው በሚንጠለጠሉ ጥቃቅን ክብ ፍሬዎቹ ይታወቃል። አንድ እፍኝ ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ ይታጠብና በድንጋይ ይፈጫል። ከዚያ የሎሚ መጠን ያለው ልቁጥ በወተት ወይም በአሬራ ተበጥብጦ ለ3፣ ለ5 ወይም ለ7 ቀን ማለዳ ማለዳ ይጠጣል። በእነዚያ ቀናት ዘይትና ቅባት፣ በብዙ ቤትም ጨው ይከለከላል።

አዳነው ወይ ላሉት፣ የበሽታውን የራሱን ጉዞ ማየት ይሻላል። በድንገት ከሚመጣው የወፍ በሽታ ብዙው በውሃና በምግብ የሚተላለፉት የጉበት ቫይረሶች፣ ሄፓታይተስ «ኤ» እና «ኢ»፣ የሚያመጡት ነው። «ኤ» ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በአማካይ 28 ቀን፣ «ኢ» ከ5 እስከ 6 ሳምንት ተደብቆ ይቆያል። ከዚያ ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ መጥላት ይመጣና ከቀናት በኋላ ዓይን ቢጫ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ቢጫው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በራሱ ይለቃል። ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚነሣው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ነው። ያኔ ቫይረሱ በብዛት መራባቱን ጨርሶ ሰውነት እያሸነፈው ነው፤ በዚያ ሳምንት የተወሰደ ነገር ሁሉ፣ ቅጠልም ሆነ ጸበል ወይም የፋርማሲ ቫይታሚን፣ ምስጋናውን ይወስዳል። ቅጠሉ ልጅዎን አልጎዳው ይሆናል፤ እንዳዳነው ግን ማስረጃ የለም።

የቀረው ነገር አለ፣ እሱም ዋናው ነው። ልጅዎ የትኛው ቫይረስ እንደያዘው አልተመረመረም። «ኤ» ወይም «ኢ» ከሆነ አልፏል። «ቢ» ወይም «ሲ» ከሆነ ግን ዓይን ነጥቶ ቫይረሱ ጉበት ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ይህን አሁኑኑ ያሠራ፦ ለ«ኤ» እና ለ«ኢ» የአይጂኤም (አዲስ መያዝን የሚያሳይ ፀረ አካል) ምርመራ፣ ለ«ቢ» ኤችቢኤስ አንቲጅን (የቫይረሱ የራሱ ክፍል)፣ ለ«ሲ» ፀረ አካል፤ ከነዚህ ጋር ቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር)፣ ኤኤልቲ (የጉበት ጉዳት መለኪያ) እና የደም መርጋት ምርመራ (አይኤንአር)። የ«ቢ» አንቲጅን ከተገኘበት ከ6 ወር በኋላ ይደገም፤ ያኔም ካለ በሽታው ሥር የሰደደ ነው።

እንቅልፉ ቀንና ሌሊት ከተገላበጠ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ ወይም ማስመለሱ ውሃ እንኳ ካላስቀረለት በዚያው ሰዓት ትልቅ ሆስፒታል ይግባ። ይህ ጉበት ሥራ ማቆሙን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ከሺህ ታማሚ ጥቂቱን ብቻ ቢነካም የሚገድለው በቀናት ውስጥ ነው።

አብረውት የሚኖሩት ልጆች ውሃ አፍልተው ይጠጡ። ዴልሂ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 መጨረሻና በ1956 መጀመሪያ የያሙና ወንዝ ፍሳሽ የከተማውን ውሃ በክሎ ከ29,000 በላይ ሰው ቢጫ ሆኖ ታመመ። ውሃው በክሎሪን ታክሞ ነበር፣ ቫይረሱ ግን አልሞተም። ያ ወረርሽኝ ሄፓታይተስ «ኢ» እንደነበረ የታወቀው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። አንድ ወር ሆናቸው ቢጫ ከሆኑ፤ ሰውነታቸውን ክፉኛ ያሳክካቸዋል፣ ሰገራቸው አመድ መስሏል። ጎረቤት እንዶድ በጥብጠን እንድናጠጣቸው፣ ሌላው ደግሞ የሕንድ የሚያስቀምጥ ዱቄት እንድንገዛ ይመክረናል። የቱ ይሻላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም። ነገ ጠዋት የሆድ አልትራሳውንድ ያሠሩላቸው።

የሚገርመው ሰገራ የሚነጣበትን የወፍ በሽታ ከሌላው የሚለየውን ነገር የጥንቶቹ የሕንድ ሐኪሞች ራሳቸው ጽፈውታል። አዩርቬዳ ሰውነትን የሚያስተዳድሩት ቫታ፣ ፒታና ካፋ የሚባሉ ሦስት ኃይሎች ናቸው ይላል፤ ፒታ ከሐሞትና ከሙቀት ጋር ይያያዛል። የወፍ በሽታን «ካማላ» ይለዋል፣ በጥንታዊው ሐኪም በቻራካ ትምህርትም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፒታ በዝቶ መላ ሰውነት ውስጥ ሲሰራጭ ነው፤ ዓይን፣ ጥፍርና ቆዳ እርድ ይመስላሉ፣ ሽንትም ሰገራም ይቀልማሉ። ለዚህ መራራ መድኃኒትና ቀለል ያለ ማስቀመጫ ይታዘዛል። ሁለተኛው ካፋ የፒታን መንገድ ሲዘጋበት ነው፤ ሰውየው ቢጫ ሆኖ ሰገራው ግን እንደ ተወቀጠ ሰሊጥ ይነጣል። ለዚህኛው ቻራካ ማስቀመጫ አያስቀድምም። ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና ጥምዝ ከማርና ከትርንጎ ጭማቂ ጋር ይሰጣል፤ ሰገራው ቀለሙን እስኪያገኝ ድረስ ይጠብቃል። ሰገራን የሚያቀልመው ሐሞት መሆኑን፣ ነጭ ሰገራ ደግሞ የተዘጋ መንገድ ማለት መሆኑን ያየ ዓይን በእውነት የተማረ ዓይን ነው።

መንገዱን የሚዘጋው ምን እንደሆነ ግን ያኔ አይታይም ነበር። በአባትዎ ዕድሜ ሁለት ነገር ይጠረጠራል፦ የሐሞት ጠጠር ወደ ቱቦው ወርዶ መወተፉ፣ ወይም የቆሽት (የፓንክሪያስ) ራስ ላይ የሚወጣ ዕጢ ቱቦውን መጫኑ። ጠጠሩን በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ባለ ካሜራ ቱቦ) ማውጣት ይቻላል፤ ዕጢውም በጊዜ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ዕድል አለው። ዝንጅብልም ሆነ ቅጠል ሁለቱንም አይከፍትም፣ የሚያልፈው ሳምንት ግን የቀዶ ሕክምናን ዕድል ይወስዳል። ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳትና የቀኝ ጎን ሕመም ከተጨመረ በቱቦው ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል፤ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። እንዶድ ደግሞ ሆድ ዕቃን የሚያቃጥል፣ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ሳሙናማ መርዝ አለው። ለአንድ ወር በደንብ ያልበሉ አዛውንት ይህን አይችሉም።

ጥያቄ፦ ባንጋሎር ለሥራ ሄጄ ሄፓታይተስ «ኤ» ያዘኝ። የተማረ የአዩርቬዳ ሐኪም «ፋላትሪካዲ» የሚባል ደረቅ ቅመም አዘዘልኝ፣ የተረፈኝን ይዤ ተመለስኩ። አፈላሉ እንዴት ነው? ኪራታና ቫሳካ የሚባሉት ካለቁብኝ በእኛ አገር ዕፅ መተካት እችላለሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ፋላትሪካዲ ስምንት ዕፅ ነው። ሦስቱ «ትሪፋላ» የሚባሉት ፍሬዎች ናቸው፦ አማላኪ፣ ሃሪታኪ፣ ቢቢታኪ። ቀሪዎቹ ጊሎይ (ጉዱቺም ይባላል)፣ ቫሳካ፣ ኩትኪ፣ ኪራታ እና ኒም ናቸው። እኩል እኩል ይመዘናሉ። ሲፈጭ ቅንጬ ያህል ሻካራ ይሁን። እንደ በርበሬ ከላመ ከድስቱ ሥር ይዞ ያርራል፣ ሲጠለልም ዝቃጩ አብሮ ይወርዳል፤ ያ ዝቃጭ ነው ሆድ የሚቆርጠው።

የጥንቱ ሕግ ለአንድ እጅ ዕፅ 16 እጅ ውሃ፣ ፈልቶ አንድ ስምንተኛው እስኪቀር ነው። ስለዚህ 25 ግራም ቅመም በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 50 ሚሊ ሊትር እስኪቀር። የሸክላ ወይም የማይዝግ ብረት ድስት ይጠቀሙ፤ መዳብና አሉሚኒየም ከመራራውና ከኮምጣጣው ጋር ይዋሐዳሉ። ክዳን አይደረግም፣ እሳቱ ዝግ ይበል። ሰዎች ቸኩለው በትልቅ እሳት በአሥር ደቂቃ ያንጠፈጥፉታል፤ ውሃው ይተናል፣ ዕፁ ግን አይወጣም። በጨርቅ ጠልለው ለብ ሲል ይጠጡ። ማር የሚጨመረው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፣ አዩርቬዳ የተሞቀ ማርን አጥብቆ ይከለክላል። የዕለቱን ዕለት ያፍሉ፤ ያደረ ይደፋ።

ከስምንቱ ኃይለኛው ኩትኪ ነው። በሂማላያ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚበቅል መራራ ሥር ነው፤ ከመጠን በላይ ስለተነቀለ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል፤ በገበያም ሌላ ሥር እየተቀላቀለበት ይሸጣል። ከ1 እስከ 3 ግራም ዱቄቱ ሐሞትን ያንቀሳቅሳል ይባላል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን በግልጽ ያስቀምጣል። በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ ካስቀመጠዎት መጠኑ በዝቷልና ያቁሙት።

ጊሎይን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ሕንዳውያን «በሽታ መከላከያ ይጨምራል» ብለው በየቤቱ ጠጥተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የሙምባይ ሐኪሞች በ6 ሰዎች ላይ ሰውነት የራሱን ጉበት እንደሚያጠቃበት ዓይነት ከባድ ብግነት አገኙ፤ ቀጥሎም ከተለያዩ ሆስፒታሎች የ43 ታማሚዎች ዘገባ ወጣ። የታይሮይድ ወይም ሌላ የራስ ተከላካይ (ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት) በሽታ ያለበት ሰው ጊሎይ ያለበትን ፍል አይንካ። ማንም ቢሆን ከሁለት ሳምንት በኋላ ኤኤልቲን ይድገም፤ ቁጥሩ ወርዶ እንደገና ከወጣ በሽታው ሳይሆን መድኃኒቱ መጠርጠር አለበት።

ስለ መተካት፣ ቫሳካ በእኛ አገር ለወፍ በሽታ ከሚታዘዘው ሰንሰል ወይም ስሚዛ ጋር አንድ ወገን ነው። ሁለት ሩቅ አገሮች ለአንድ በሽታ ከአንድ ቤተሰብ ዕፅ መምረጣቸው ተመራማሪ የሚያነቃቃ ነገር ነው። ግን ዘመዳሞች እንጂ አንድ አይደሉም፣ መጠኑ አይተላለፍም፤ ስለዚህ አይተኩት። እንዲያውም ሄፓታይተስ «ኤ» ከሆነና ቢጫው ከለቀቀዎት የተረፈውን መጨረስ አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ልሄድ ስል በሕክምና ምርመራ ሄፓታይተስ «ቢ» አለብሽ ተብዬ ተመለስኩ። ምንም አያመኝም። አንድ ሰው የሕንድ ቅጠል በ30 ቀን ያጠፋዋል ብሎ እንክብል በብዙ ብር ሊሸጥልኝ ነው። ይሠራል? (ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ ገንዘብሽን አትስጪ። «30 ቀን» የሚለው ከየት እንደመጣ እንንገርሽ፤ ከባዶ የተነሣ አይደለምና ብዙ ሰው ያሳምናል።

ባሩክ ብሉምበርግ የሄፓታይተስ «ቢ»ን አንቲጅን በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ1976 የኖቤል ሽልማት የተሸለመ ሳይንቲስት ነው። እሱና በሕንድ ማድራስ (በዛሬዋ ቼናይ) የነበሩት ተመራማሪ ቲያጋራጃን ከላይ የጠቀስነውን ፊላንተስ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት 200 ሚሊ ግራም የደረቀ ዱቄት በቀን ሦስት ጊዜ ለ30 ቀን ከወሰዱ 37 ተሸካሚዎች 22ቱ አንቲጅኑ ጠፋላቸው፤ ባዶ እንክብል ከወሰዱት 23 ግን አንዱ ብቻ። ዓለም ተደነቀ። ከዚያ በታይላንድ፣ በኔዘርላንድስና በኒውዚላንድ ሲደገም ውጤቱ አልተገኘም። ብዙ ጥናቶችን የገመገመ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማም እ.ኤ.አ. በ2011 አሳማኝ ማስረጃ የለም ብሏል። ሻጮች የሚጠቅሱት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አያነሡም።

ሥር የሰደደ «ቢ» በአዋቂ ሰው በራሱ የሚጠፋው በዓመት ከመቶ አንድ በሚያህል ሰው ላይ ነው። የሚያጠፋው መድኃኒት ገና የለም፤ የሚያስተኛው ግን አለ፦ ቴኖፎቪር፣ በቀን አንድ ክኒን። ሁሉም ተሸካሚ አያስፈልገውም፣ ለመወሰን ኤኤልቲ፣ የቫይረሱ መጠንና የጉበት ጠባሳ ይታያል። ባያስፈልግሽም በየ6 ወሩ ትታያለሽ። ክኒኑን ከጀመርሽ ደግሞ ቅጠል አግኝቻለሁ ብለሽ አታቋርጪ፤ በድንገት ሲቋረጥ ቫይረሱ ተነሥቶ ጉበትን እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል።

የባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚፈትሹት አንቲጅኑን ነው፣ ቅጠልም ቴኖፎቪርም በወር ውስጥ አያጠፉትም። ይህ ከባድ ዜና እንደሆነ እናውቃለን፣ በተለይ ቤተሰብ ዓይኑን አንቺ ላይ ከጣለ። ነገር ግን አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በአንድ ጽዋ በመጠጣት አይተላለፍም። በደም፣ በግብረ ሥጋና ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ለይተሽ ያዢ። ባለቤትሽና ልጆችሽ ይመርመሩ፣ ነጻ ከሆኑ ሦስቱን ክትባት ይውሰዱ። «ሲ» የተገኘበት አንባቢ ካለ የእሱ ነገር ይለያል፤ ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ክኒን ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆነው ሙሉ በሙሉ ይድናል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ከአንድ የሕንድ ሱቅ «አሮግያቫርዲኒ» የሚባል የጉበት ክኒን ገዝቼ ሁለት ወር ወሰድኩ። ሆዴን ይቆርጠኛል፣ እጄም ይደክማል። ተፈጥሯዊ አይደለም እንዴ? (አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ዛሬውኑ ያቁሙትና ለሐኪም ክኒኑን ከነዕቃው ያሳዩ። የደም እርሳስና ሜርኩሪ መጠን፣ የሽንት ፕሮቲን፣ የኩላሊትና የደም ማነስ ምርመራ ይጠይቁ።

አሮግያቫርዲኒ ግማሽ ክብደቱ ኩትኪ ነው። በቀሪው ውስጥ ግን ባዜቃ (ሜርኩሪ)፣ ድኝ፣ የተቃጠለ ብረት፣ መዳብና ሚካ አሉበት፤ ሁሉም በኒም ጭማቂ ይታሻሉ። ይህ ብክለት ወይም ማጭበርበር አይደለም፣ ቀመሩ ራሱ ነው። «ራሳ ሻስትራ» የሚባለው የአዩርቬዳ ዘርፍ ማዕድን በተደጋጋሚ በማቃጠል ይነጻል ብሎ ያምናል። ሲቃጠል መልኩ ይቀየራል እንጂ ብረትነቱ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ ምርቶች ከአምስቱ በአንዱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ አግኝቷል። የሆድ ቁርጠት፣ የሆድ ድርቀትና የእጅ መድከም የእርሳስ መርዝ የታወቁ ምልክቶች ናቸው። ሕንድ ውስጥም የዚህ ዓይነት መድኃኒት ዕቃው ላይ በሐኪም ክትትል ብቻ እንዲወሰድ መጻፍ አለበት። በዕቃው ላይ «ባስማ»፣ «ራሳ»፣ «ፓራዳ» ወይም «ሲንዱር» የሚሉ፣ ማዕድን እንዳለበት የሚጠቁሙ ቃላት ካዩ መልሰው መደርደሪያው ላይ ያኑሩት።

ጥያቄ፦ ሕንድ የሄደ ዘመዴ ቪዲዮ ላከልኝ። ሐኪሙ የታማሚውን እጅ በውሃ ሲያጥብ ውሃው ቢጫ ሆነ፣ ራሱ ላይ ያደረገለት የእንጨት ጉንጉንም በቀናት ውስጥ ረዝሞ ደረቱ ላይ ወረደ። በሽታው ሲወጣ ነው ይላሉ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱም በሰሜን ሕንድ የቆዩ ዘዴዎች ናቸው። እጁ አስቀድሞ የማንጎ ቅርፊት ጭማቂ ይቀባል፣ ውሃው ውስጥ ኖራ አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ቢጫ ይሆናሉ። በጤነኛ ሰው እጅም ይሆናሉ። ጉንጉኑ ከእርጥብ ቁርጥራጭ ግንድ በልል ቋጠሮ የታሰረ ነው፤ ግንዱ ሲደርቅ ይቀጥናል፣ ቋጠሮው ይላላል፣ ክሩ ይረዝማል። ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉትም ይረዝማል። ጉዳቱ ታማሚው ምርመራ ሳያደርግ «ወጣልኝ» ብሎ መቀመጡ ላይ ነው። ከዚህ የሚከፋው መራራ ሉፋ የሚባል ፍሬ ውሃ በአፍንጫ መጨመር ነው፤ የሚወርደው ቢጫ ፈሳሽ የተቃጠለ የአፍንጫ ሥጋ ፈሳሽ ነው።

ጥያቄ፦ የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ምን ይብላ? ጾምስ ይችላል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የአዩርቬዳ ምግብ ቀጭን የሩዝ አጥሚት፣ አሬራና የሸንኮራ ጭማቂ ነው። ማቅለሽለሽ ላለበት ሰው አጥሚቱ ጥሩ ሐሳብ ነው። የሸንኮራ ጭማቂ ግን በመንገድ ላይ በበረዶ የሚሸጠው ራሱ የሄፓታይተስ «ኤ» እና «ኢ» ምንጭ ሊሆን ይችላል። ቅባትን ጨርሶ መከልከል አያስፈልግም፤ ካላቅለሸለሸው ይብላ። ማቅለሽለሹ ወደ ማታ ስለሚብስ ዋናውን ምግብ ጠዋት ይመገብ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ አጃ ይስማማሉ። ስለዚህም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም አይበጀውም፤ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፣ ለታማሚ ይፈቀዳል። ጠላና አረቄ ምርመራው ወደ ልኩ እስኪመለስ ጨርሶ አይቅመስ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ካስፈለገ በቀን ከአራት ባለ 500 ክኒን አይለፍ፣ እሱንም ሐኪም ሲፈቅድ።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ዓይኔ ቢጫ ሆኗል። አማቴ ከሕንድ የመጣ የጉበት ሻይ ጠጪ ይሉኛል። (ከጋምቤላ)

መልስ፦ ሻዩን ተይው፤ ይህን እንዳነበብሽ ሆስፒታል ሂጂ። ሄፓታይተስ «ኢ» በሌላ ሰው ላይ ቀላል ሲሆን በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ከያዛቸው ሴቶች እስከ አምስተኛው ወይም አራተኛው እጅ ሊገድል ይችላል። በጋምቤላ የስደተኛ ጣቢያዎችም ወረርሽኙ ታይቷል። የጉበት ሻዮች ብዙ ጊዜ ኩትኪ ወይም እሬት አለባቸው፤ አንጀትን ሲያንቀሳቅሱ ማሕፀንንም ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ሆስፒታል ስትደርሺ አይኤንአር፣ የደም ስኳርና የ«ቢ» አንቲጅን እንዲታይልሽ ጠይቂ። «ቢ» ከተገኘ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት ማግኘት አለበት፤ በ6ኛው ሳምንት የሚጀመረው መደበኛ ክትባት ብቻውን ይዘገይበታል። ለአንቺም በመጨረሻዎቹ ወራት ቴኖፎቪር ሊታዘዝ ስለሚችል አዋላጇ ክፍል ከመግባትሽ በፊት እንድታውቀው አድርጊ።